ሐዋሳ ላይ ዲዩቲ እየገቡ ዲግሪ መማር፦ ከወረቀት እስከ መውጫ ፈተና

ዲፕሎማ ይዘው እየሠሩ ዲግሪ ጀምረው ያቋረጡ ብዙ ነርሶች አውቃለሁ። ትምህርቱ ከብዷቸው የተዉት ጥቂት ናቸው። ሌሎቹን የጣላቸው በጊዜ ያልደረሰ ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ)፣ ከክፍል ጋር የተጋጨ ናይት (የሌሊት የሥራ ተራ) ወይም ማንም ያልፈረመበት ፈቃድ ነው። እኔም በአንድ ፊደል ምክንያት አንድ ሴሚስተር ከስሬያለሁ። ታሪኩ ደረጃ 2 ላይ አለ።

ይህ መመሪያ ሐዋሳ ለሚኖሩና ከይርጋለም፣ ከለኩ ወይም ከሻሸመኔ እየተመላለሱ ለመማር ላሰቡ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለው ለአዲሱ ኮሌጅ አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ማለቅ አለበት። ምዝገባው መስከረም ከሆነ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ጀምሩ። «ስድስት ወር ምን ያደርጋል?» የምትሉ ደረጃ 2ን አንብባችሁ ፍረዱ።

ደረጃ 1፦ ዲግሪውን ከመደቡ ጋር አስማሙ

ኮሌጅ ከመጠየቃችሁ በፊት የራሳችሁን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ሰው ሀብት ሂዱና የሥራ መደብ መዋቅሩን እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ይህን ዲግሪ ይዤ ብመጣ የምገባበት መደብ አለ?»

ብዙ ሰው ዲግሪው በእጁ ሲገባ ደመወዙም አብሮ የሚስተካከል ይመስለዋል። አይደለም። ክፍት መደብ መኖር አለበት፣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ትወዳደራላችሁ። መደቡ ከሌለ ዲግሪው ፋይል ውስጥ ተኝቶ በዲፕሎማ ደመወዝ መሥራት ይመጣል።

ኮምፕሪሄንሲቭ ነርሲንግ የትም ዋርድ ያሠራል። የሕፃናት፣ የቀዶ ሕክምና፣ የድንገተኛና ፅኑ ሕሙማን ወይም የአእምሮ ጤና ነርሲንግ ግን የምትሠሩበት ቤት ያ ክፍል ሲኖረው ነው የሚያዋጣው። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ የፅኑ ሕሙማን ነርሲንግ ተምራ ብትመለስ የምትሠራበት አልጋ የላትም። ሆስፒታል ለመዛወር ካላሰበች በስተቀር።

ጤና መኮንን የምታስቡም አላችሁ። እሱ ሙያ መቀየር ነው። የነርስነት ልምዳችሁ ለአዲሱ መደብ ይያዝ ወይም አይያዝ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። በቃል የተነገረ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የምትገቡበት ፕሮግራም ጄኔሪክ (ነርስ ላልሆነ አዲስ ተማሪ የተዘጋጀ) ነው ወይስ ለዲፕሎማ ነርሶች የተዘጋጀው? ብዙዎቻችን ሁለተኛውን አሁንም ፖስት ቤዚክ ነው የምንለው። ጄኔሪክ ውስጥ ከገባችሁ መርፌ መውጋትን እንደገና ከሀ ትጀምራላችሁ፣ ጊዜውም ይረዝማል። የኮርስ ዝርዝሩን በወረቀት ተቀበሉ። የትኞቹ ኮርሶች እንደሚቀነሱላችሁም እዚያው ላይ ምልክት አስደርጉ።

ደረጃ 2፦ ወረቀት

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

1. የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ዋናውና ኮፒው
2. ዲፕሎማና ስቱደንት ኮፒ
3. ኦፊሻል ትራንስክሪፕት
4. የደረጃ 4 (ሌቭል 4) ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ
5. ጊዜው ያላለፈበት የሙያ ፈቃድ
6. የሥራ ልምድ ደብዳቤ
7. ፋይዳ እና ጉርድ ፎቶ

የመግቢያ መስፈርት ከዓመት ዓመት ይቀየራል። ጓደኛችሁ ከሁለት ዓመት በፊት የገባችበትን መንገድ አትከተሉ። የዘንድሮውን መስፈርት ከሪጅስትራር ሰሌዳ ላይ ፎቶ አንሱ፣ ከላይ ካለው ዝርዝር ጋር አስተያዩ።

መጀመሪያ ስማችሁን አጣሩ

ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። የእንግሊዝኛውን ስም ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። የአባትን ስም፣ የአያትን ስም፣ የልደት ዘመንን፣ ሁሉንም።

የእኔ ስም ውስጥ «ፀ» አለ። የ10ኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ላይ በ«ቲ ኤስ» ተጽፏል። ዲፕሎማዬ ላይ ቲዋ የለችም። በዚያ ዲፕሎማ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድም ሰው አላየውም። ሪጅስትራሯ ግን መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች። በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንዷን ፊደል ነካ አደረገችና «ይሄ እኮ ሁለት ሰው ነው፣ ሲስተር» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። የማስተካከያ ደብዳቤው ከተመረቅሁበት ኮሌጅ እስኪመጣ ምዝገባው ተዘጋ።

ስህተት ካገኛችሁ እንዲህ አድርጉ፦

የፊደል ልዩነት ብቻ ከሆነ ስህተቱን የሠራው ተቋም ጋ ሂዱ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጠይቁ። የአባት ወይም የአያት ስም ጭራሽ የተለየ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ያኔ ወራት ስለሚወስድ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ በእሱ ጀምሩ። ፋይዳ ላይ ያለው ስም ከትምህርት ማስረጃችሁ ጋር ካልገጠመም አሁኑኑ አስተካክሉ፤ መውጫ ፈተና ላይ እንዳትቸገሩበት።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕት

በእጃችሁ ያለው ስቱደንት ኮፒ ኦፊሻል አይደለም። ኦፊሻሉ ከድሮ ኮሌጃችሁ ወደ አዲሱ በታሸገ ፖስታ ይሄዳል። ስትጠይቁ የአዲሱን ኮሌጅ ሙሉ ስምና የፖስታ ሳጥን ቁጥር ያዙ። በመንግሥት ወጪ ከተማራችሁ የወጪ መጋራት ወይም የአገልግሎት ግዴታ መጨረሳችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል። ያለዚያ አይንቀሳቀስም።

ፖስታውን «አንተው ውሰደው» ብለው በእጅ ከሰጧችሁ አትክፈቱት። ዳሩ ላይ ማኅተም አለ። ማኅተሙ ከተሰነጠቀ ዋጋ የለውም፣ እንደገና ከፍላችሁ ታስልካላችሁ። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጡት፤ ቀልድ አይደለም።

በፖስታ ቤት ከተላከ የወጪ ደብዳቤ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፉ። በሁለተኛው ሳምንት አዲሱ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ገብታችሁ «በዚህ ቁጥር የመጣ አለ?» በሉ። ቁጥር የሌለው ሰው «ገና አልመጣም» ተብሎ ይሸኛል። ቁጥር ይዞ ለመጣ ግን መዝገቡ ይገለጥለታል።

የተማራችሁበት ኮሌጅ ተዘግቶ ከሆነ ለኮሌጁ ፈቃድ የሰጠውን ቢሮ ጠይቁ፣ የተማሪ መዝገብ ማን እንደተረከበ ያውቃሉ። በድሮ ዲን ስልክ ስትደውሉ አትክረሙ።

ሲኦሲ፣ በተለይ ድሮ ደቡብ ክልል ለተመዘናችሁ

ሲኦሲ የሚያረጋግጠው የመዘናችሁ ክልል ነው። በደቡብ ክልል ስም ሰርተፊኬት የወሰዳችሁ ተጠንቀቁ። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጣ፣ የቀረው በ2015 ነሐሴ ላይ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ። ሐዋሳ የነበሩ ብዙ ቢሮዎች ሥራቸውን ይዘው ሄደዋል። ስለዚህ አውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት መዝገባችሁ የት እንዳለ በስልክ አጣሩ። የሰርተፊኬቱን ቁጥርና የተመዘናችሁበትን ማዕከል ይዛችሁ ደውሉ። ከሻሸመኔ የምትመጡ ደግሞ ማረጋገጫችሁ ያለው ኦሮሚያ ነው። ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትቀርባችሁም ለዚህ ጉዳይ አትጠቅማችሁም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ

«ከዚህ ቀን ጀምሮ በነርስነት እያገለገሉ ነው» የሚል ብቻ አይበቃም። የተቀጠራችሁበት ቀን፣ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደመወዝ፣ የሠራችሁበት ክፍል እና አሁንም ሥራ ላይ መሆናችሁ ይጻፍ። የግል ክሊኒክ ልምድ የምታቀርቡ የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ይጠይቋችኋል። የግል አሠሪያችሁ ግብር ካልቆረጠ ያንን ልምድ አትቁጠሩ።

ደረጃ 3፦ ኮሌጁን መርምሩ

በመንግሥት በኩል ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፣ ሪፈራል ግቢ ውስጥ። የግሎቹ ብዙ ናቸው። ለግል ኮሌጅ የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ሰው የሚሸወደው ፈቃዱ በጅምላ የሚሰጥ እየመሰለው ነው። ፈቃድ ለካምፓስ፣ ለትምህርት መስክ፣ ለደረጃና ለአሰጣጥ ዘዴ ተለይቶ ይሰጣል። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ፈቃድ አለው ማለት የሐዋሳው አለው ማለት አይደለም። የፋርማሲው ፈቃድ ለነርሲንግ አይሠራም።

ቢሮ ገብታችሁ ፈቃዱን አሳዩኝ በሉ። አራት ነገር አንብቡ፦ የካምፓሱ ስም ሐዋሳ ይላል? መስኩ ነርሲንግ፣ ደረጃው ባችለር ነው? እናንተ የምትማሩበትን ዘዴ፣ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ ከሆነ እሱን፣ ይጠቅሳል? የሚያበቃው መቼ ነው? ከዚያ ባለሥልጣኑ በሚያወጣው የተፈቀደላቸው ተቋማት ዝርዝር ላይ አመሳክሩ።

«በሂደት ላይ ነው፣ በቅርቡ ይመጣል» ከተባላችሁ መልሱ «የለንም» ነው። አመስግናችሁ ውጡ። ነርሲንግን በርቀት እናስተምራለን የሚል ካጋጠማችሁም ውጡ፤ የደም ሥር ማግኘት በሞጁል አይማሩም።

ከቢሮ ስትወጡ በር ላይ ቆማችሁ ሁለት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጠይቁ። አታችመንት (የተግባር ልምምድ) የት ነው የሚወጡት? መምህር በሰዓቱ ይገባል? ባለፈው መውጫ ፈተና ስንት ሰው አለፈ? ማስታወቂያ ላይ የማይጻፈውን እነሱ ይነግሯችኋል።

ደረጃ 4፦ አለቆቻችሁ ቀድመው ይወቁ

ተደብቀው የሚማሩ አሉ። «ካወቁ ያስቆሙኛል» ይላሉ። ነገሩ የሚፈነዳው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ሀብት «መቼ ተማርሽ? ማን ፈቀደልሽ? በሥራ ሰዓት ነበር ወይ?» ብሎ ማስረጃውን ፋይል ውስጥ ሳያስገባ ይቀራል።

በግል ወጪያችሁም ብትማሩ ማመልከቻ አስገቡ። አጭር ይሁን፦

«ጉዳዩ፦ ትምህርት ስለመጀመር ማሳወቅን ይመለከታል። እኔ አመልካች በሆስፒታሉ የውስጥ ደዌ ክፍል በነርስነት እያገለገልኩ ስሆን፣ ከመስከረም ጀምሮ በግል ወጪዬ ከሥራ ሰዓት ውጭ በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር መዘጋጀቴን እያሳወቅሁ፣ የዲዩቲ ድልድሌ ከክፍል ሰዓቴ ጋር እንዳይጋጭ ትብብር እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ። የክፍል መርሐ ግብሬን አያይዣለሁ።»

ሁለት ኮፒ ውሰዱ። አንዱን ስጡ፣ ሌላው ላይ «ገቢ» ማኅተምና ቁጥር አስደርጉና ቤት አስቀምጡ።

መሥሪያ ቤቱ ወጪውን ወይም ደመወዛችሁን የሚሸፍን ከሆነ ውል ትፈርማላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ፈልጉ፦ ስንት ዓመት ታገለግላላችሁ? ብታቋርጡ ምን ትመልሳላችሁ? ዋሱ ማን ነው፣ እስከ ስንት ብር? ወሊድ ወይም ሕመም ቢመጣስ? ዋስ የሚሆናችሁ ሰው ውሉን ራሱ ያንብብ። በእናንተ ምክንያት የዋሳችሁ ደመወዝ ሲቆረጥ ጓደኝነቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ደረጃ 5፦ ሮስተሩን ከሄድ ነርሷ ጋር ጨርሱ

ደብዳቤው የበላይ ጋ ይግባ እንጂ ሮስተር (የዲዩቲ ድልድል) የምታወጣው ሄድ ነርሷ፣ የክፍሉ ነርሶች ኃላፊ፣ ናት። ወር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አትሂዱባት። በወሩ አጋማሽ፣ ከርክክብ በኋላ፣ ቡና በሚጠጣበት ሰዓት ሂዱ። «ቅዳሜና እሁድ አልገባም» ብላችሁ አትጀምሩ። የምትሰጡትን አስቀድሙ፦ «ሰኞና ረቡዕ ናይት እኔ እይዛለሁ፣ ዓርብ ማታን አውጪልኝ።» ሰኞ ናይት የሚወድ ብዙ ሰው የለም።

በጣም የሚጎዳው ዓርብ ናይት ነው። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ርክክብ ትጀምራላችሁ። የሚረከበው ሰው ያረፍዳል። 2፡40 ላይ ጋውናችሁን አውልቃችሁ ባጃጅ ትይዛላችሁ። ክፍል ስትደርሱ 3 ሰዓት ሆኗል፣ ባዮስታትስቲክሱ ተጀምሯል፣ ዓይናችሁ ይዘጋል። እንዲህ አራት ሳምንት ካለፈ ኮርሱ አለቀ በሉ።

የዲዩቲ ለውጥ ስታደርጉ ሦስት ሕግ አክብሩ፦

በቃል አትለዋወጡ። የሮስተሩ ጀርባ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሄድ ነርሷ ታጽድቅ። ሰው ካልመጣ የሚጠየቀው ሮስተሩ ላይ ስሙ ያለው ነው።

የተበደራችሁትን በዚያው ወር መልሱ። ውለታ ሲከማች ዋርዱ ሁሉ ይሸሻችኋል፣ ፈተና ሰሞን የሚሸፍንላችሁ ይጠፋል።

ናይት፣ ክፍል፣ ናይት አታድርጉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያጠፋው መድኃኒት ላይ ነው። ሌላ አማራጭ ከጠፋና ከገባችሁ ኢንሱሊንና ፖታሲየም ስትሰጡ ሁለተኛ ሰው መጠኑን ይይላችሁ። ያ ቀን ክፍል ብትቀሩ ይሻላል።

ሄድ ነርሷ እምቢ ካለች ወደ ማትሮን (የሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ) ሂዱ፣ «ገቢ» የተደረገውን ማመልከቻ ይዛችሁ። በቁጣ ሳይሆን ሁለት አማራጭ ሮስተር ጽፋችሁ። የሚመርጡት ነገር የሰጣችሁት አለቃ ቶሎ ይወስናል።

ደረጃ 6፦ ገንዘብ

የሴሚስተር ክፍያውን ሁሉም ያሰላል። የማይሰላው ሌላው ነው፦ የምዝገባ፣ የአታችመንት፣ የትራንስፖርት፣ የፕሪንትና የጥረዛ፣ የድጋሚ ፈተና። ከገቢ በኩል ደግሞ ናይት ስትቀንሱ የዲዩቲ ክፍያ ይቀንሳል፣ የክሊኒክ ፓርት ታይሙም ይቀራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉ።

የሥራ ቤት ዕቁብ ካላችሁ ዕጣው እስኪወጣ አትጠብቁ። ሰብሳቢውን አናግራችሁ የሴሚስተር መክፈያ ወር ላይ ያለውን ዕጣ ከሚደርሰው ሰው ጋር ተለዋወጡ። ክፍያ ሲያልፍ ኮሌጆች ቅጣት ይጨምራሉ፣ ፈተናም አያስቀምጡም። ከዘገያችሁ ከቀኑ በፊት ፋይናንስ ገብታችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከቀኑ በኋላ ያለው ልመና ነው።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ሴሚስተር

ፋርማኮሎጂና ሄልዝ አሰስመንት ብዙ አያስቸግሯችሁም፣ በየቀኑ የምትነኩት ነገር ነው። ግን እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። «ዋርድ ላይ የምንሠራው እንዲህ ነው» ብላችሁ ፈተና ላይ አትመልሱ። ፈተናው የሚጠይቀው መጽሐፉን ነው። ጓንት እየቆጠብን የምንሠራበትን መንገድ ማንም ትክክል ብሎ አያርምላችሁም።

የሚጥለው ባዮስታትስቲክስ፣ ኤፒዲሚዮሎጂ እና እንግሊዝኛ ነው። ከሒሳብ የራቃችሁ ክረምት ላይ ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪየሽንን ከልሱ። የ12ኛ ክፍል ልጅ ቤት ውስጥ ካለ እሱን አስተማሪ አድርጉት፤ እኔ የእህቴን ልጅ በብስኩት ቀጥሬው ነበር።

ነጥባችሁን ራሳችሁ አስሉ። የኮርሱን ክሬዲት በውጤቱ ነጥብ (ኤ 4፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0) አባዙ፣ ደምሩ፣ ለጠቅላላ ክሬዲት አካፍሉ። 4 ክሬዲት ላይ ሲ፣ 2 ክሬዲት ላይ ኤ፣ 3 ክሬዲት ላይ ዲ ብታመጡ፦ 8 ሲደመር 8 ሲደመር 3፣ 19 ይሆናል። ለ9 ሲካፈል 2.11። ያቺ ዲ ኤፍ ብትሆን ኖሮ 1.78 ነበር። ለመመረቅ 2.00 ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥናታችሁን ትልቅ ክሬዲት ላለው ኮርስ ስጡ።

ውጤት ሲወድቅ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ሪጅስትራር ሂዱ። ኮርስ የማቋረጫ ቀነ ገደብ አለ። በቀነ ገደቡ የተቋረጠ ኮርስ ኤፍ አይሆንም። ዝም ብሎ የተተወ ግን ይሆናል።

ደረጃ 8፦ አታችመንት

ክፍሉ ማታ ወይም ቅዳሜ ቢሆንም አታችመንት አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ቀን፣ የቀን ሰዓት ነው። ይህን ሳያውቁ የተመዘገቡ ሦስተኛው ዓመት ላይ ሲደርሱ ይደነግጣሉ።

በመጀመሪያው ዓመት የአታችመንት ወሮችን ከዲፓርትመንቱ ጠይቁ። ከዚያ የዓመት ፈቃዳችሁን ለዚያ ቆጥቡ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የፈቃድ ዕቅድ ሲሞላ ያንን ወር ጻፉ። ዘመድ ለማየት ብላችሁ ጥቅምት ላይ አትጨርሱት። የፈተና ቀን ሲደርስ ደግሞ ለሠርግ፣ ለሐዘንና ለፈተና የሚሰጠውን የግል ጉዳይ ፈቃድ ጠይቁ፣ የዓመት ፈቃዱ እንዳይነካ።

የራሳችሁ ሆስፒታል ላይ እንድትመደቡ መጠየቅ ይቻላል። ግን ተማሪ ሆናችሁ በገባችሁበት ሰዓት ሠራተኛ አይደላችሁም። «ሲስተር፣ አንዴ ይቺን መስመር ክፈቺልኝ» ሲሉ ትሄዳላችሁ፣ ሎግ ቡካችሁ (በልምምዱ የሠራችሁት የሚፈረምበት መዝገብ) ባዶ ይቀራል። ሎግ ቡኩን በዕለቱ አስፈርሙ። ሳምንት ቆይቶ የሚፈርም ሱፐርቫይዘር የለም።

ደረጃ 9፦ ሪሰርች

ርዕሳችሁ ትንሽ ይሁን። አንድ ተቋም፣ አንድ ጥያቄ፣ በቀላሉ የምታገኟቸው ሰዎች። «በሲዳማ ክልል» የሚል ርዕስ አትያዙ፤ ዞራችሁ አትጨርሱትም።

የናሙና መጠን ላይ ብዙው ሰው ስለሚሳሳት በቁጥር ላሳያችሁ። የምታጠኑት ነገር በስንት በመቶው ሰው ላይ እንዳለ ካልታወቀ 50 በመቶ ይወሰዳል፣ የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ፣ እርግጠኝነቱ 95 በመቶ። 1.96 (ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚወሰደው ቁጥር) በራሱ ሲባዛ፣ በ0.5 እና በ0.5 ሲባዛ፣ ለ0.0025 (0.05 በራሱ ሲባዛ) ሲካፈል 384 ይመጣል። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ይቆምና 384 ሰው ፍለጋ ይባክናል። የምታጠኑት ሕዝብ ግን ትንሽ ከሆነ ይቀንሳል። ጠቅላላው 300 ሰው ነው እንበል። 384ን ለ300 አካፍሉ፣ 1.28። 1 ጨምሩበት፣ 2.28። 384 ለ2.28 ሲካፈል 168.4፣ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 169። መልስ የማይሰጡትን አስባችሁ 10 በመቶ ስትጨምሩ 186። ግማሽ ሥራ ቀነሰ።

የሥነ ምግባር ፈቃድና የድጋፍ ደብዳቤ ሳይመጣ አንድም መጠይቅ አታስሞሉ። ተጣድፎ ቀድሞ የሰበሰበ ሰው ሁሉንም ጥሎ እንደገና ሲጀምር አይቻለሁ። መረጃውን በየቀኑ ኮምፒውተር ላይ አስገቡ፣ ኮፒውን ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ። ፍላሽ ዲስክ ብቻ አትመኑ፤ ቫይረሱ ከኢንተርኔት ቤት ነው የሚመጣው።

አድቫይዘር ከጠፋባችሁ በስልክ ብቻ አትፈልጉት። ምዕራፉን አትማችሁ ዲፓርትመንት ጸሐፊዋ ጋ አስፈርማችሁ አስቀምጡ። ሁለት ሳምንት ካለፈ ለዲፓርትመንት ኃላፊው ያንን ቀን ጠቅሳችሁ ጻፉ።

ደረጃ 10፦ መውጫ ፈተና

ከ2015 ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ አይሰጠውም። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ።

ከፈተናው ወራት በፊት ኮሌጁ የላከውን የስም ዝርዝር በዓይናችሁ እዩ። ስም የጎደለበት ሰው በፈተናው ቀን ምንም ማድረግ አይችልም። ብሉፕሪንቱን ከዲፓርትመንት ውሰዱ፣ የትኛው ኮርስ ስንት ጥያቄ እንዳለው ያሳያል። በእሱ ጥናታችሁን ከፋፍሉ።

ማውዝ ይዘው የማያውቁ ጎበዝ ነርሶች ሰዓት አልቆባቸው ወድቀዋል። ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ በኮምፒውተር መቶ ጥያቄ ሥሩ። የመድኃኒት ስሌትን በካልኩሌተር አትልመዱ። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ ሴቱ (የፈሳሹ ማስተላለፊያ ቱቦ) 20 ጠብታ በሚሊ ሊትር ከሆነ፦ 20,000 ለ480 ደቂቃ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ። ዋርድ ላይ በዓይን የምትገምቱትን እዚህ በቁጥር ትመልሳላችሁ።

በፈተናው ሳምንት ናይት አትያዙ። ይህን ከሁለት ወር በፊት ለሄድ ነርሷ ንገሩ።

ከወደቃችሁ በሚቀጥለው ዙር ትፈተናላችሁ። ኮሌጁ ስማችሁን ለድጋሚ መላኩን ራሳችሁ አጣሩ፣ በራሱ አይሄድም።

ደረጃ 11፦ ዲግሪው በእጃችሁ ሲገባ

የምረቃው ፎቶ ሳይታጠብ ቴምፖውን (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃውን) አምስት ኮፒ አድርጉ። ስማችሁን እንደገና ፊደል በፊደል አንብቡ፤ ስህተት ካለ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አስተካክሉ። ኦፊሻሉን ለመሥሪያ ቤታችሁ እንዲላክ በዚያው ቀን ጠይቁ።

ቀጥሎ የሙያ ፈቃዱን ወደ ዲግሪ ደረጃ አስቀይሩ። ዲግሪ ያለው ግን በዲፕሎማ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ለክፍት መደብ ሲወዳደር ከጅምሩ ይጣላል። ከዚያ ሰው ሀብት። ማስረጃው ፋይል ውስጥ እንዲገባ ማመልከቻ ጻፉ፣ ደረጃ 4 ላይ ያስቀመጣችሁትን የድሮ ማመልከቻ ኮፒ አያይዙ። መዝገብ ቤቷ «ገቢ» የምታደርግበትን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት።